የኢንተርኔትን መንገድ የሚመራው ሰነድ ይታደስ፦ ለራውቲንግ ስታንዳርድ አውጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል (አይኢቲኤፍ) ለራውቲንግ የሥራ ቡድኖችና ለአመራር አባላት

ግልባጭ፦ ራውተር ለሚሠሩ ኩባንያዎች፣ ኔትወርክ ለሚያስተዳድሩ መሐንዲሶች፣ መሣሪያ ለሚገዙ ድርጅቶች

ጉዳዩ፦ የቢጂፒ መሠረታዊ ስታንዳርድ በአንድ ወጥ ሰነድ እንዲታደስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ቡድን አባላት፣

ይህን አቤቱታ በተለመደው የውስጥ መንገድ ላቀርብላችሁ እችል ነበር። በአደባባይ ማቅረቤ ነገሩ በእናንተና በእኔ ብጤ መሐንዲሶች መካከል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። የምትጽፉትን ሰነድ የማያነቡ፣ ስሙንም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች በየቀኑ በእሱ ተማምነው ገንዘብ ይልካሉ፣ ሐኪም ያማክራሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ሰነዱ ሲያረጅ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ሲመከርበት ቢሰሙ አግባብ ነው።

ለእነሱ ስል ከመነሻው ልጀምር፤ እናንተ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ኢንተርኔት አንድ ኔትወርክ አይደለም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባለቤትና የራሳቸው ፖሊሲ ያላቸው ከ70,000 የሚበልጡ ኔትወርኮች ተያይዘው የቆሙበት ነው። የበላይ አዛዥ የላቸውም። አንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቱ «ይህ የአድራሻ ክልል በእኔ በኩል ይገኛል» ብሎ ያስታውቃል፤ ጎረቤቱ የራሱን ቁጥር ጨምሮ ለሚቀጥለው ያሳልፋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የአይፒቪ4 (የነባሩ የአድራሻ ሥርዓት) መንገዶች፣ መረጃን ወደ መድረሻው በሚመሩት ትልልቅ መሣሪያዎች፣ በራውተሮች ሰንጠረዥ ውስጥ ይከማቻሉ። ይህ ንግግር የሚካሄድበት ፕሮቶኮል ቢጂፒ ይባላል። በአንድ ኔትወርክ ግቢ ውስጥ ኦኤስፒኤፍና አይኤስ-አይኤስ የተባሉ ሌሎች ፕሮቶኮሎች መንገድ ይመርጣሉ፤ ከግቢው በር ውጭ ግን ያለው ቢጂፒ ብቻ ነው። ተተኪም የለውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ወደ ትውልዱ ልመለስ። (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቢጂፒ የተጸነሰው በጃንዋሪ 1989 በቴክሳስ ኦስቲን በተካሄደ የግብረ ኃይሉ ስብሰባ ላይ፣ ለምሳ በተቀመጡ መሐንዲሶች ጠረጴዛ ነው። ከርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር ሐሳቡን በናፕኪን ላይ እንደነደፉት በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት በጁን አርኤፍሲ 1105 ሆኖ ወጣ (አርኤፍሲ ግብረ ኃይሉ በተራ ቁጥር የሚያወጣው ሰነድ ነው)። በ1990 ሁለተኛው ዕትም፣ በ1991 ሦስተኛው፣ በ1994 ዛሬ የምንጠቀምበት አራተኛው ዕትም፣ በ1995 ደግሞ የእርሱ ማሻሻያ አርኤፍሲ 1771 ታተመ። በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ 11 ዓመት ተጠብቆ በጃንዋሪ 2006 አርኤፍሲ 4271 መጣ። ከ2006 ወዲህስ? መሠረቱን የሚተካ ሌላ አልታተመም።

ኢንተርኔት ትንሽ በነበረበትና ስሕተት ብዙ በማያስከፍልበት ዘመን ሰነዱ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይጻፍ ነበር። ዓለም ሁሉ ሲደገፍበት ጊዜ ብዕሩ ተሰቀለ። ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር መንካት ያስፈራል። ሆኖም ፍርሃቱ ያመጣውን ውጤት እስቲ እንመልከት።

አንድ ወጣት ፕሮግራመር ዛሬ ቢጂፒን ከባዶ ልጻፍ ብሎ ተነሣ እንበል። 4271ን ከፍቶ ቃል በቃል ቢተገብረው የሚያገኘው ይህን ነው። የኔትወርክ መለያ ቁጥር በሁለት ባይት ብቻ የሚያሰፍር፣ ስለዚህ ከ65,535 በላይ መቁጠር የማይችል ፕሮግራም ይኖረዋል። አይፒቪ6 የሚባል አዲስ የአድራሻ ሥርዓት መኖሩን አያውቅም። ከጎረቤቱ የመጣ መልእክት ውስጥ አንዲት ባይት ብትዛባ ግንኙነቱን በጠቅላላ ይዘጋል። ባለቤቱ ምንም ማጣሪያ ባያዘጋጅለት የሰማውን ሁሉ ተቀብሎ የሰማውን ሁሉ ያስተላልፋል። ለደኅንነትም ሰነዱ በግዴታ ያዘዘውን ኤምዲ5 በተባለ የምስጠራ ስሌት ላይ የተመሠረተ የቲሲፒ (መልእክት ሳይጎድል የሚያደርሰው ፕሮቶኮል) ማረጋገጫ ያስገባል፤ ያ ማረጋገጫ የተደነገገበት አርኤፍሲ 2385 ግን በ2010 በሌላ ተተክቶ ከአገልግሎት ወጥቷል። ወጣቱ ስታንዳርዱን በታማኝነት ፈጽሟል። የሠራውን ሶፍትዌር ግን ማንም ጤነኛ መሐንዲስ ከኔትወርኩ ጋር አያገናኘውም።

እነዚህ ጉድለቶች ሳይታረሙ ቀርተዋል እያልሁ አይደለም። ታርመዋል፤ እያንዳንዳቸው ግን በሌላ ቦታ። አራት ባይት ያለው የኔትወርክ ቁጥር በ6793፣ አይፒቪ6ን የሚሸከመው ቅጥያ በ4760፣ የስሕተት አያያዙ በ7606፣ ያለ ፖሊሲ መንገድ አለመቀበል በ8212፣ ከ4,096 ባይት የሚበልጥ መልእክት በ8654። 4271ን በይፋ የሚያሻሽሉት ብቻ አሥር ያህል ናቸው፤ በይፋ ሳያሻሽሉት ያለ እነሱ ግን የማይሠራባቸው ሲደመሩ ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል። ሰነዱ ድሪቶ ሆኗል፤ የትኛው መጣፊያ በየትኛው ላይ እንደተሰፋ ለማወቅ ልብሱን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የእርማቶቹ መዝገብ አለ። አንድ አርኤፍሲ ከታተመ በኋላ ቃሉ አይነካም፤ ስሕተት ያገኘ ሰው በእርማት መዝገብ ያስመዘግባል። ከእርማቶቹ አንዳንዶቹ ተመርምረው «ሰነዱ እስኪታደስ ይቆይ» የሚል ማኅተም ያርፍባቸዋል። የሥርዓቱን ጥበብ አልነቅፍም፤ ትንንሽ ለውጦች በግርግር እንዳይገቡ ይከላከላል። ግን ይህ ማኅተም ትርጉም የሚኖረው ሰነዱ አንድ ቀን የሚታደስ ከሆነ ብቻ ነው።

የማዕረጉ ነገርማ ያስቃል። ቀድሞ ስታንዳርድ ሦስት እርከን ነበረው፤ የቀረበ፣ ረቂቅ፣ ከዚያም ሙሉ ስታንዳርድ። በ2011 መካከለኛውን እርከን በአርኤፍሲ 6410 ሠረዛችሁት። 4271 ግን አሁንም በዚያ በተሠረዘው እርከን ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ኦኤስፒኤፍ ሁለተኛ ዕትም ከ1998 ጀምሮ ሙሉ ስታንዳርድ ነው። ከ15 ራውተር በላይ ርቀት መቁጠር የማይችለው ሪፕ እንኳ፣ ለትልቅ ኔትወርክ ማንም የማይመክረው ሪፕ፣ ሙሉ ስታንዳርድ ተብሎ ተመዝግቧል። ማዕረጉ ራሱ እንቅልፍ አይነሣኝም። የሚያሳስበኝ፣ ወደ ላይኛው እርከን ለመውጣት የሚጠየቀው ሥራ፣ ማለትም እርማቶችን ማካተት፣ የማይጠቅመውን ማውጣት፣ በተግባር የሚሠራውን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ ሳይሠራ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። የድሮው ደንብ በስሕተት አያያዝ ላይ ጨካኝ ነበር፤ ከመልእክቱ አንድ ነገር ከተበላሸ የስሕተት ማስታወቂያ ላክና ግንኙነቱን ዝጋ ይላል። ሁለት ራውተሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ቢሆኑ ይህ ምክንያታዊ ነው፤ የማይታመን ሰው ንግግር ማቋረጥ ነው። ቢጂፒ ግን የቅብብሎሽ ፕሮቶኮል ነው። በአንድ መንገድ ላይ ከሚጫኑት፣ አትሪቢዩት ከሚባሉት ተጨማሪ መረጃዎች ውስጥ፣ መካከል ላይ ያለው ራውተር ሳይረዳቸውም እንዲያሳልፋቸው የሚፈቀዱ አሉ። እንግዲህ ሩቅ የሆነ ሰው ያበላሸው መረጃ ያልተረዱትን ራውተሮች ሁሉ በሰላም አልፎ፣ የሚረዳው ራውተር ዘንድ ሲደርስ ይፈነዳል። የሚዘጋው ግንኙነት ካበላሸው ኔትወርክ ጋር ያለው አይደለም፤ ምንም ካላጠፋው የቅርብ ጎረቤት ጋር ያለው ነው። ግንኙነቱ ሲዘጋ በዚያ በኩል የሚገኙት መንገዶች በሙሉ ይሠረዛሉ። ሲከፈት ያው የተበላሸ መንገድ እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይዘጋል። ይህ ያለ ማቋረጥ ሊቀጥል ይችላል።

በኦገስት 2010 ይህ በዓለም ፊት ታየ። የአውሮፓው የአድራሻ መዝገብ ራይፕ ኤንሲሲና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ስታንዳርዱ የሚፈቅደውን፣ ግን እስከዚያ ድረስ ያልታየ አትሪቢዩት የያዘ መንገድ ለሙከራ አስታወቁ። ማንንም የሚጎዳ መስሎ አልታያቸውም፤ በደንቡም መሠረት ሊጎዳ አይገባም ነበር። ሆኖም የአንድ አምራች የራውተር ሶፍትዌር መልእክቱን ሲያሳልፍ አበላሸው። ጎረቤቶቹ በደንቡ መሠረት ግንኙነቱን ዘጉ። ሙከራው ወዲያው ቢቆምም በዚያች አጭር ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ መንገዶች ተናግተዋል። ልብ በሉ፤ ከአንድ ስሑት ሶፍትዌር በቀር ሁሉም እንደ ሕጉ ነበር የሠራው። ጉዳቱን ያባዛው ሕጉ ራሱ ነው።

ለዚህ መልስ ሰጣችሁ፤ ጥሩ መልስ ነው። በኦገስት 2015 የወጣው 7606 የተበላሸ መንገድ ሲመጣ ግንኙነቱን ከመዝጋት ይልቅ ያንን መንገድ ብቻ እንደተሠረዘ ቁጠሩት ይላል። በራውቲንግ ላይ ከተጻፉት ሰነዶች ሁሉ አንዱን ብቻ አትርፍ ብባል ይህን አተርፍ ነበር። ግን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2023፣ ከብራዚል አንድ አነስተኛ ኔትወርክ የተበላሸ አትሪቢዩት ያለበት መንገድ ወጣና በሌሎች አገሮች ያሉ ኔትወርኮች ግንኙነታቸው ተቋረጠ። የአትሪቢዩቱ ቁጥር 28 ነበር። ይህ ቁጥር በ2015 በአርኤፍሲ 7447 ከአገልግሎት እንዲወጣ የተደረገ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከተሠረዘ ስምንት ዓመት የሆነው አትሪቢዩት፣ ከተሻረ ስምንት ዓመት በሆነው የስሕተት አያያዝ ምክንያት ኔትወርክ ጣለ። ከዚያ በኋላ አንድ ገለልተኛ መሐንዲስ የልዩ ልዩ አምራቾችን ሶፍትዌር ሆን ተብሎ በተበላሸ መልእክት ሲፈትን ከአንድ በላይ የሆኑት ወደቁ። በአንዳንዱ መሣሪያ ላይ የ7606 ሥርዓት አለ፤ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ ካላበራው ግን አይሠራም።

ይህን ለአምራቾች ስንፍና ብቻ መስጠት ቀላል ነበር። እኔ ግን የጽሑፉ አደረጃጀትም ድርሻ አለው ባይ ነኝ። ፕሮግራም ጻፊው የስሕተት አያያዝን ሲፈልግ የሚከፍተው የ4271ን ክፍል 6 ነው። እዚያ የሚያገኘው የ2006ቱን ትእዛዝ ነው፤ ግልጽ፣ የታዘዘ፣ በግዴታ ቃል የተጻፈ። ትእዛዙ እንደተሻረ የሚነግረው ሌላ ሰነድ ነው፤ ያም ሰነድ ራሱን ችሎ አይነበብም፤ የዋናውን ዐረፍተ ነገሮች እየጠቀሰ «ይህን በዚህ ተኩት» ይላል። አንባቢው ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ በአእምሮው ሦስተኛ ሰነድ መጻፍ አለበት። በዓለም ላይ ባሉት የቢጂፒ ጸሐፊዎች ቁጥር ልክ ሦስተኛ ሰነዶች አሉ፤ አንዳቸውም አልታተሙም፣ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አልተመሳከሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመደነቅ ልጥቀስ። ቢጂፒ ጎረቤቱ በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው በየጊዜው በሚደርሱት አጫጭር መልእክቶች ነው፤ ካልደረሱት ጎረቤቱ ሞቷል ብሎ መንገዶቹን ይሠርዛል። ጎረቤቱ እየተናገረ መስማት ግን ያቆመ ቢሆንስ? የእርሱ መልእክት ይደርሰኛልና ሕያው ነው እላለሁ፤ የእኔ ስረዛ ግን ወደ እርሱ አይደርስም፤ እርሱም የሌለ መንገድ ለዓለም ማስተጋባቱን ይቀጥላል። ይህ ቀዳዳ ከጥንቱ ጀምሮ የነበረ ሲሆን የተደፈነው በኖቬምበር 2024 በአርኤፍሲ 9687 ነው። መልእክት መላክ ካልቻልሁ ግንኙነቱን ልዝጋ የሚል ሰዓት ቆጣሪ ተጨመረ። ያቺ ሰዓት ቆጣሪ የፕሮቶኮሉን የሁኔታ ማሽን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሸጋገርበትን ደንብ፣ ትለውጣለች፤ የሁኔታ ማሽኑ ግን የሚገኘው በ4271 ውስጥ ነው። እንደገና ሁለት ሰነድ ዘርግቶ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ነባሪ ቅንብር ነው፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካው መሣሪያው የሚያደርገው ማለት ነው። በራውቲንግ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ አደጋዎች አብዛኞቹ ከተንኮል የመጡ አይደሉም። በኤፕሪል 1997 ቁጥሩ 7007 የሆነ ኔትወርክ የዓለምን መንገዶች በትንንሹ ቆራርጦ የራሱ አስመስሎ አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 2008 በፓኪስታን ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለማገድ የታሰበ መንገድ ድንበር ተሻግሮ ዩቲዩብን ለሁለት ሰዓት ያህል ከዓለም ሰወረው፤ ጠባቡ የአድራሻ ክልል ሁልጊዜ ሰፊውን ስለሚያሸንፍ የተወሰደው መንገድ ያሸንፍ ነበር። በጁን 2019 የአንድ ትንሽ አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ማመቻቻ ሶፍትዌር የፈጠራቸው መንገዶች በደንበኛው በኩል ወደ ትልቅ አስተላላፊ ሾልከው የድረ ገጽ አገልግሎት ኩባንያውን ክላውድፍሌርን ጨምሮ ብዙዎችን ለሰዓታት አደናቀፉ። በሦስቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ጎረቤት «ይህን ከአንተ አልጠብቅም» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር።

በጁላይ 2017 የወጣው 8212 ይህን በአጭሩ ደነገገ። ፖሊሲ ካልተጻፈ ምንም አትቀበል፣ ምንም አታስተላልፍ። ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው ሰነድ ነው። በሜይ 2022 የወጣው 9234 ደግሞ ሁለት ጎረቤቶች ግንኙነት ሲከፍቱ እኔ አቅራቢ ነኝ፣ አንተ ደንበኛ ነህ ብለው እንዲተዋወቁና ከአቅራቢ የመጣ መንገድ ወደ ሌላ አቅራቢ እንዳይሾልክ ምልክት እንዲያደርጉበት አስቻለ። ሁለቱም ሰነዶች በሰው ትጋት ላይ መተማመንን ትተው ጥንቃቄውን ወደ መሣሪያው አስገብተዋል፤ ልክ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች 8212ን ለመቀበል ያመነቱት ነባር ደንበኞቻቸው ሶፍትዌሩን ሲያድሱ በድንገት መንገድ እንዳያጡ ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም። ግን በመሠረታዊው ሰነድ ውስጥ ያልተጻፈ ግዴታ ለአምራቹ እንደ አማራጭ ይታየዋል፤ ገዢውም በጨረታ ሰነዱ ላይ «4271ን ያከብራል» ብሎ ስለሚጽፍ አምራቹ ሳይዋሽ አዎን ይላል።

ስለ ደኅንነት አጭር እሆናለሁ። አርፒኬአይ፣ ማለትም የአድራሻ ባለቤት «ይህን ክልል የሚያስታውቀው ይህ ኔትወርክ ነው» ብሎ በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት፣ ከ2012 ጀምሮ ስታንዳርድ አለው። በሜይ 2024 ከአይፒቪ4 መንገዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አግኝተዋል፤ ለዚህ የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ግን ይህ የሚያረጋግጠው የመንገዱን መነሻ ብቻ ነው፤ መካከሉን አያይም። መካከሉን እንዲያይ በ2017 የወጣው ቢጂፒሴክ በወረቀት ላይ ያማረ፣ በሥራ ላይ ግን የማናገኘው ሆኖ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ራውተር እያንዳንዱን መንገድ እንዲፈርም መጠየቁ ከበደ። የአቅራቢና የደንበኛ ዝምድናን በፊርማ የሚያስመዘግበው ረቂቅ ከእርሱ ይልቅ የሚጨበጥ ይመስለኛል፤ እባካችሁ እንደ ቢጂፒሴክ ፍጹም ይሁን ብላችሁ አታዘግዩት።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ተደጋግሞ ሰምቼዋለሁ። ሰነዱን ከከፈትነው ሁሉም የየራሱን ምኞት ተሸክሞ ይመጣል፤ ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ የሚሠራውን ልናበላሽ እንችላለን ይባላል። የሥራ ቡድኑ አባላት ለዚህ ሥራ ደመወዝ እንደማይከፈላቸውም አልዘነጋሁም።

መልሴ ግን ከደጃችሁ ሩቅ አይደለም። ቢጂፒ የሚጓዘው በቲሲፒ ላይ ነው። የቲሲፒ መሠረታዊ ሰነድ 793 በሴፕቴምበር 1981 ወጥቶ ከ40 ዓመት በላይ በማሻሻያና በእርማት ብዛት ተሸፍኖ ኖረ። በኦገስት 2022 በ9293 ተተካ። ሥራው ዓመታት ወስዷል፤ ደንቡ ግን ግልጽ ነበር። አዲስ ፕሮቶኮል አይፈጠርም፤ በስምምነት የጸደቁት ማሻሻያዎችና የተረጋገጡት እርማቶች ወደ አንድ ጽሑፍ ይገባሉ፤ የማይጠቅመው ይወጣል። ኢንተርኔት አልወደቀም። አዲሱ ሰነድ ሙሉ ስታንዳርድ ተብሎ ታተመ፤ ዛሬ ቲሲፒን መጻፍ የሚፈልግ ወጣት አንድ ሰነድ ይከፍታል። ምኞት ተሸክሞ ለሚመጣውም የምትሰጡት መልስ ያው ነው፦ ሌላ ረቂቅ ይጻፍ።

መቸኮል እንደሚጎዳ የሚያሳይ ታሪክም አለን፤ አልሸሸውም። በ1998 የወጣው 2439 የሚወዛወዝን መንገድ ለጊዜው ማፈን ያዝዝ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች አንድ ጊዜ ብቻ የተንቀሳቀሰ ጤነኛ መንገድ እስከ አንድ ሰዓት ሊታፈን እንደሚችል አሳዩ፤ በ2006 የአውሮፓ ኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ጨርሶ አትጠቀሙበት አሉ፤ በ2014 ቁጥሮቹ ተስተካክለው በ7196 ተመለሰ። እኔ ከዚህ የማነበው አዲስ ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት መለካት እንዳለበት ነው። የምጠይቃችሁ ግን አዲስ ሐሳብ አይደለም። 7606፣ 8212፣ 6793 በሥራ ላይ ተፈትነዋል፤ የቀራቸው ቤታቸው መግባት ነው።

እንግዲህ በቁርጥ ልጠይቅ። የሥራ ቡድኑ 4271ን የሚተካ ሰነድ በቲሲፒው ደንብ፣ ያለ አዲስ ባሕርይ፣ እንዲጀምር እጠይቃለሁ። ኤምዲ5ን የሚያዘው ግዴታ ይውጣ። በማስታወቂያ መንገድ ላይ የበርካታ ኔትወርኮችን ቁጥር በስብስብ ማስቀመጥም ይውጣ፤ ይህን ገና በ2011 በ6472 አትጠቀሙበት ብላችኋል፤ የመሠረቱ ጽሑፍ ግን እስካሁን ያስተምረዋል። ከሰነዱ ጋር የፈተና መልእክቶች ይውጡ፤ የተበላሹ መልእክቶች ከነሚጠበቀው ምላሻቸው፣ ማንም ፕሮግራም ጻፊ ሊያስኬዳቸው በሚችል መልክ። የ2010ሩም የ2023ቱም መልእክት በዚያ ውስጥ ሊኖር ይገባል። በእኔ ግምት ከማንኛውም የግዴታ ቃል ይልቅ አምራቹን የሚገዛው ይህ ነው፤ ሶፍትዌር ከመውጣቱ በፊት የሚወድቅ ፈተና ማንም አይወድም። ለወደፊቱም በራውቲንግ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ሰነድ ባለቤቱ ምንም ሳያዘጋጅ ሲቀር መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር።

አምራቾችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የምትደግፏቸውን አርኤፍሲዎች ዝርዝር ማውጣት ታውቁበታላችሁ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሳይነካ ይሠራል ወይስ ማብራት ያስፈልጋል የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ደግሞ ያልተሰጣችሁን ቁጥር አትውሰዱ። በ2016 በመንገድ ላይ ምልክት ለሚለጠፍበት፣ ሰፋፊ ኮሚዩኒቲ ለተባለው አትሪቢዩት ቁጥር 30 ሲመደብለት አንድ አምራች ያንኑ ቁጥር ሳያስመዘግብ ሲጠቀምበት ቆይቶ ኖሮ፣ አዲሱን አትሪቢዩት የያዙ መንገዶች በዚያ መሣሪያ ላይ እየወደቁ ቁጥሩ ወደ 32 መዛወር ግድ ሆነ። በ8093 ሌሎችም በዚሁ መልክ ሳይፈቀድ የተወሰዱ ቁጥሮች በዝርዝር ተዘግተዋል። ገዢዎች ደግሞ በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ 4271 ብቻ ከመጻፍ ተቆጠቡ፤ 7606፣ 8212፣ 6811 (በአርፒኬአይ የመንገድን መነሻ የሚያጣራው) እና 9234 በነባሪ ቅንብር እንዲሠሩ ጠይቁ። ስታንዳርድ አውጪው እስኪነቃ ድረስ የገንዘብ ባለቤት የሚሰማበት ቋንቋ ይህ ነው።

ሥራው በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ሁሉንም በአንድ ረቂቅ አልጠብቅም። ክፍል 6 ይቅደም። የ4271ን ክፍል 6ና 7606ን ወደ አንድ ጽሑፍ የሚያመጣ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ የተመዘገቡትንም እርማቶች አብሮ አካትቶ፣ ለማዘጋጀት ከእኔ ጋር የሚሠሩ ጥቂት ባልደረቦች ፈቃደኞች ናቸው። በራሳችን ብናቀርበው ግን ከብዙ የግል ረቂቆች አንዱ ሆኖ ጊዜው ሲያልፍ ይረሳል። ስለዚህ የሥራ ቡድኑ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ሥራ እንደ ራሱ ይቀበለው እንደሆነ ወይም አይቀበለው እንደሆነ፣ አይቀበለው ከሆነም ምክንያቱን፣ በቃለ ጉባኤው እንዲያሰፍርልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

አንድ የኔትወርክ መሐንዲስ